ቁጥር አራት፦ እንደ ቀድሞው

እሑድ፣ 3

ዛሬ የማኅበሩ ስብሰባ ነበር፤ ያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ። በመዝገብ ሠላሳ አራት ነን። የተገኘነው ሰባት ነን፤ ሰባተኛው ደግሞ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ መንገደኛ ነው፤ ወንበሩ ላይ ስላገኘነው ቆጠርነው። ሊቀመንበራችን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያስቀምጥ ስብሰባውን ከፈተ፤ መቀሱን ሳያስቀምጥ ዘጋው።

አዲሱ ወሬ ይኼ ነው፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱ በአካባቢያችን ያሉትን አሥራ ዘጠኝ የተፋሰስ ጥበቃ ማኅበራት ሊመዝን ነው። ንቁ፣ መካከለኛ፣ ያንቀላፋ ብሎ ይመድበናል። ያንቀላፋ የተባለ የችግኝ ጣቢያውንና መሣሪያውን ይነጠቃል። ሪፖርቱ እስከ 18 ይድረስ ተብሏል። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ መንገደኛው ሳይቀር፣ በመስታወቱ ውስጥ።

አንድ ቀን ይህን ደብተር የሚያገኝ ሰው እንዳይቸገር ልጻፈው። ከሰፈራችን በላይ ባለው ተራራ ላይ ቦረቦር አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሰባት ክትር ሠርተንበታል፤ ድንጋዩ በሽቦ ታስሮ ጎርፉን የሚያስቆም፣ አፈሩን የሚያስቀር። ትልቁ ቁጥር አራት ነው። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይወጣል፤ ሰባቱንም አይቶ ሰማያዊው መዝገብ ላይ ሁኔታቸውን ይጽፋል። የተለወጠ ነገር ከሌለ «እንደ ቀድሞው» ይላል። በጊዜ ብዛት እሱም ረዝሞብን «እ/ቀ» ሆኗል።

መዝገቡ እጄ ላይ ነው። ሪፖርት መጻፍም ለእኔ አዲስ አይደለም። ለምን እንደከበደኝ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 5

የምሠራበት የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ዛሬ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበት ነበር። ወንድሜ ከሚስቱ ጋር ለእርግዝና ክትትል መጣ። ስምንተኛ ወሯ ነው። እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይዞ ደረሰና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እታለም፣ ዘመድ ያለው ሰው ካርዱ ቶሎ ይወጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«ዘመድ ያለውማ ይጠፋበታል» አልኩት። ከኋላው ያሉት ሳቁ።

ካርዷን ስሰጠው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ማታ ከላይ ከተራራው ድምፅ ነበር። ድንጋይ የሚንከባለል ይመስላል። እሷ ፈርታ ሳትተኛ አደረች።»

«በክረምት ተራራ ይንቋቋል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

«አንቺ ካልሽ» አለና ፊቱ ፈታ ብሎ ሄደ። ያቺ «አንቺ ካልሽ» ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ዋለች።

ሐሙስ፣ 7

ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያው ደወለ። ሪፖርት። ከ18 እንዳያልፍ። «ሠንጠረዡን ብቻ ይሙሉልኝ እትዬ፤ ሐተታ አያስፈልግም።» ዝናብ። ጉልበቴ።

ቅዳሜ፣ 9

የዛሬ ተረኞች ሊቀመንበሩና የጂኦግራፊ መምህሩ ነበሩ። በአርባ ደቂቃ ተመለሱ። መውጣቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመምህሩን ጫማ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ሲዘንብበት ያደረ ተራራ ላይ የወጣ ጫማ እንዲህ አይሆንም። መዝገቡን ሰጡኝ። ሰባት ጊዜ እ/ቀ።

መምህሩ ለሊቀመንበሩ «ከታች ሆነህም እኮ ይታያል» ሲለው ሰምቻለሁ። መዝገቡን ዘግቼ ቦርሳዬ ከተትኩ። ልናገር እንኳ ብል፣ ምን ብዬ? እኔ ማን ሆኜ?

እሑድ፣ 10

ዛሬ ሥራ የለም፤ ስለዚህ አስባለሁ፤ ማሰብ ደግሞ አይበጀኝም።

ወንድሜን እዚያ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ደብተሩን የሸፈንኩለት፣ ቁልፉ ሲበጠስ የተከልኩለት፣ ሲያመው አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አግብቶ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሲገባ ደስ አላለኝም፤ አልዋሽም። ከሁለት ወር በፊት ከቦረቦሩ አፍ ሥር ያለው ቤት ባዶ መሆኑን ስሰማ ከማንም ቀድሜ ሄድኩ። ከእኔ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ቤቱ ባዶ የሆነው፣ ሰው ጎርፉን ስለፈራ ነው።

ሚስቱም ጠይቃኛለች። «እትዬ፣ ጎርፉስ?» አለችኝ። በጣቴ ወደ ተራራው እያሳየሁ «እሱ ድሮ ነው ሰው የሚበላው። አሁን ገርተነዋል። በየሳምንቱ እናየዋለን» አልኳት። ሽቦውን ብቻዬን ያሰርኩት ይመስል ደረቴን ነፍቼ። ድንጋይ ግን ተሸክሜያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት። ይህ ሐሰት አይደለም።

እነሱ ከመግባታቸው በፊትም የእኔ ተራ ደርሶ ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ጋር ወጥተናል። ወጥተናል።

ሽማግሌው ግንበኛ ዛሬም አብረውን ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማኅበሩን ቀጥ አድርገው የያዙት እሳቸው ነበሩ። ገመድ ከኪሳቸው አይለይም፤ ሁሉን ነገር ስለሚለኩ «ሜትር» እንላቸዋለን። ከሦስት ወር በፊት ስብሰባ ላይ ክትሮቹ በሙሉ እንደገና ይለኩ ብለው ተነሡ። ሊቀመንበሩ «ጋሼ ሜትር፣ ለክትሩ ሱፍ ልናሰፋለት ነው እንዴ?» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ገመዳቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወደ ማኅበሩ አልተመለሱም።

እኔም ስቄያለሁ። ከሁሉ ቀድሜ ሳልሆን አልቀርም።

ረቡዕ፣ 13

ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ። የወንድሜ ሚስት ደወለች። በደጃቸው የሚወርደው ውሃ ጠራ ያለ ነበር፤ አሁን ጭቃ ብቻ ሆኗል። «ደግ ነው ክፉ?» አለችኝ።

ክትሩ ከላይ አፈሩን ካስቀረ የሚወርደው ውሃ ይጠራል። ይህን ለጉብኝት ለመጡ ተማሪዎች ቆሜ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። «ዝናቡ በዝቶ ነው» አልኳት።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ። ሰው ይላጫል። «መዝገቡ ምን ይላል?» አለኝ። «እንደ ቀድሞው።» «ታዲያ» አለና ምላጩን በፎጣው ጠረገ።

ዓርብ፣ 15

ከተራራው ሣር እያጨደች የምትሸጥ ሴት መስኮቱ ላይ ወረፋ ይዛ ነበር። ከኋላዋ ላለችው ስታወራ ሰማኋት፦ «ያ ትልቁ ሽቦማ ሆዱን ገፍቶ፣ የደረሰች እርጉዝ መስሏል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።»

ሰምቻለሁ። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ምን አልኩ? «የካርድ ቁጥር» አልኩ።

የሴትዮዋን ካርድ ሌላ መደርደሪያ ውስጥ ከትቼው ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ተፈለገ። በሃያ ዓመት ሦስት ካርድ ነበር የጠፋብኝ። አራተኛው ይኼ ነው። ነገ እወጣለሁ።

ቅዳሜ፣ 16

አልወጣሁም። ዝናብ። ተረኞቹም አልወጡም፤ ደውለው «አንቺው እ/ቀ በይልን» አሉኝ።

አልኩላቸው።

እሑድ፣ 17

ሪፖርቱን ልሞላ ተቀመጥኩ። ከሠንጠረዡ አንድ አምድ ላይ «የክትሩ ሁኔታ» ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ጥሩ፣ ጥገና የሚያስፈልገው፣ የፈረሰ። እንደ ቀድሞው የሚባል ምርጫ የለም።

እንግዲህ እንደ ቀድሞው ማለት እንደ ምን ማለት ነው? መልሱ ያለፈው ቅዳሜ ላይ ነው ብዬ ገለጥኩ፤ እሱም እ/ቀ ይላል። የበፊቱም እ/ቀ። ከዚያ በፊት ያለውም። እያንዳንዱ ሰው የበፊቱን ሰው አምኗል፤ የበፊቱም የበፊቱን። ጽሑፉ ይለያያል፣ ቀለሙ ይለያያል፣ ቃሉ አንድ ነው። አሥራ ሦስት ቅዳሜ ወደ ኋላ ሄድኩ።

አሥራ አራተኛው ላይ የግንበኛው ጽሑፍ አለ። ፊደላቸው እንደ ግንባቸው ነው፤ አንዱ ከአንዱ አያዘነብልም። «ቁጥር 4። ከግርጌው በግራ በኩል ውሃ ይሾልካል። ሽቦው ሁለት ቦታ ተበጥሷል። ሆዱ አንድ ስንዝር ወጥቷል። ክረምት ሳይገባ ካልታሰረ አይችልም። ይለካ።»

ከሥሩ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፦ «እ/ቀ»።

መዝገቡ አልዋሸም ማለት ነው። አሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ቀድሞው ይሾልካል፣ እንደ ቀድሞው ተበጥሷል ሲለን ከርሟል። እኛ ደህና ነው ብለን አነበብነው።

የመጀመሪያው እ/ቀ የማን ጽሑፍ እንደሆነ አልለየሁትም። መነፅሬ ሥራ ቦታ ቀርቷል። ነገ አየዋለሁ።

ሠንጠረዡን ለሰባቱም «ጥሩ» ብዬ ሞላሁት። ሊቀመንበሩ ነገ በጠዋት ሊወስደው ይመጣል፤ ባዶ ወረቀት እንዴት ልስጠው? በእርሳስ ነው የሞላሁት። ሊታረም ይችላል።

ሰኞ፣ 18

ሊቀመንበሩ ገና ፊቴን ሳልታጠብ መጣ። «በእርሳስ ነው እኮ» አልኩት። «ማኅተሙ በቀለም ነው» አለና ይዞት ሄደ።

ከሥራ ስወጣ እግሬ ግንበኛው ቤት ወሰደኝ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የተሰበረ በርጩማ ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ ስለ ቁጥር አራት ልጠይቅዎት ነበር» አልኩ።

ቀና ብለው አላዩኝም። «ጽፌያለሁ እኮ።»

«አይቼዋለሁ። ትናንት።»

«ትናንት?» መዶሻውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ከእናንተ ጋር ብኳረፍም በሳምንቱ ፀጉሬን ልቆረጥ ሄጄ እዚያ ያገኘሁትን መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ። ከእኔ ሥር እንደ ቀድሞው ይላል፤ በአንቺ ጽሑፍ። አንቺ ደግሞ ካርድ የማትስቺ ሰው ነሽ። ወጥታ መሹለኩን አይታ አረጋግጣለች አልኩ። ካወቁት እንግዲህ ያውቁበታል ብዬ ተውኩት። ሽማግሌ ሁለቴ አይለምንም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። መነፅር አላስፈለገኝም ነበር።

«አላየሁትም» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ክትሩን። ችግኝ ጣቢያው ድረስ ነው የሄድነው። ካፊያ ጀመረ፤ ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት።»

ይህን ለራሴ እንኳ፣ በዚህ ደብተር እንኳ ብዬው አላውቅም። እሳቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በርጩማውን ገልብጠው እግሩን ነቅነቅ አደረጉና «ወንድምሽ ከዚያ ሥር አይደል ያለው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ነገ በጠዋት ነይ። ቦት ጫማ አድርጊ።»

ማክሰኞ፣ 19

የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ጉልበቴ ቻለ። የሚችል ከሆነ ያን ጊዜስ?

አየሁት። ሣር አጫጇ ሴት አላጋነነችም። የፊቱ ሽቦ ተወጥሮ ሆዱን ገፍቷል፤ ድንጋዮቹ በተበጠሰው በኩል እያሾለቁ ያያሉ። ዝናብ ሳይኖር ከግርጌው ውሃ ይፈላል፤ ጭቃ ይዞ። ከጀርባው ደለሉ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ሣር በቅሎበት የመጫወቻ ሜዳ መስሏል። ግንበኛው ገመዳቸውን ዘረጉ። «ስንዝር የነበረው ክንድ ሆኗል» አሉ።

«አሁን ማሰር አይቻልም?»

«የሞላ ከረጢት ጎኑን ስትነኪው ነው የሚዘረገፈው። በዝናብ አይነካም።» ወደ ላይ አሳዩኝ። ከቁጥር አምስት በላይ ድሮ የቆፈርነው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አለ፤ በአፈር ተደፍኗል። እሱ ቢጠረግ ከጎርፉ ግማሹ ወደ ሣሩ ተዳፋት ይሄዳል። ሃያ ሰው፣ ሁለት ቀን። «ይህ ግን ግማሹን ነው» አሉ። «ከሥር ያሉት አምስት ቤቶች መነሣት አለባቸው። የመጀመሪያው የማን ነው?»

ያውቃሉ። እንድናገረው ነው የጠየቁኝ። «የወንድሜ» አልኩ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እነሱ ጋ ሄድኩ። ለሕፃኑ ያዘጋጁትን ክፍል ቀለም ቀብተውታል። ወንድሜ ራሱ በይዶ የሠራውን የብረት መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ሻይ ቀረበልኝ። «እስክትወልጂ ድረስ እኔ ጋ ብትሆኑስ?» አልኩ።

«እዚህም እኮ አጠገብሽ ነን እትዬ» አለች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ናፍቀናት ነው» አለ ወንድሜ፤ «አምስት ደቂቃ ርቀን።» ተሳሳቅን። ሁለተኛ ሻይ ጠጣሁ። ሳልነግራቸው ወጣሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን ዛሬ ሻይ እያጠጣ ነው የወሰደኝ። ነገ እነግረዋለሁ። ነገ የግድ።

ረቡዕ፣ 20

ረጅም ቀን ነበር፤ እንደሆነው ልጻፈው።

በጠዋት ባለሙያው ደወለ። «እንኳን ደስ አላችሁ እትዬ፤ ንቁ ተብላችኋል። ከአሥራ ዘጠኙ ሦስት ብቻ ናችሁ።» አመሰገንኩት። አፌ ነው ያመሰገነው።

በምሳ ሰዓት ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የግንበኛውን ጽሑፍ፣ የእኔን እ/ቀ፣ ትናንት ያየሁትን። የአንድ ደንበኛ ፊት አረፋ ቀብቶ ይላጫል፤ እጁ አልቆመም።

«እሺ፤ ጎረቤቶቻችን የት እንዳሉ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «የማዶዎቹ ከተሰበሰቡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የወንዝ ዳሮቹ ማኅተም ብቻ ነበር የቀራቸው፤ እሱም ጠፋ። ችግኞቻቸውን ከብት ጨረሰው። እኛ ብናንስም ሰባት ሰው እንሰበሰባለን።»

«ስድስት» አልኩት።

«ስድስት ይሁን። ተሳስተን ነበር ብንል ነገ ችግኝ ጣቢያውን ይወስዱታል፤ ያ ስድስትም ይበተናል። ከዚያ ቦረቦሩን ማን ያየዋል? ከባዱ ዝናብ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ቆሞ ሊያልፍ ይችላል።»

ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም እንዲህ ያለው። ስምንት ዓመት ድንጋይ ሲያሸክመን ቀድሞ የሚሸከመው እሱ ነበር። ግማሽ ልቤ እሺ ብሎታል፤ እውነቱን ለመናገር።

«ባያልፍስ?» አልኩ።

ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በአረፋው ውስጥ ዓይኑን ገለጠ። «እኔ የምኖረው ከዚያ ሥር ነው» አለ። «ሁለተኛው ቤት።»

ሰውዬው ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፣ ተነሣ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ወጥቶ ሄደ። ሊቀመንበሩ ምላጩን እንደያዘ በሩን እያየ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

እኔም ሮጥኩ። ወንድሜ ከዚያ ሰውዬ አፍ መስማት አልነበረበትም። የሚሠራበት ብየዳ ቤት ስደርስ በር እየበየደ ነበር። ስሙን ስጠራው መከለያውን ከፊቱ አነሣ።

«ደህና ነው ያልኩህ ሳላየው ነው» አልኩት። «ክትሩን። እየፈረሰ ነው። አሥራ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። እኔ ወጥቼ አላየሁም፤ አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጡ።»

«አንቺ ካልሽ ብዬ ነው እኮ የገባሁት» አለ። ከዚያ መከለያውን መለሰና የጀመረውን ብየዳ ጨረሰ። አንድ መሥመር። ቆሜ ጠበቅኩት። ጓንቱን አወለቀ፣ ለአሠሪው አንድ ነገር ተናገረና በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

በአሥር ሰዓት ዕቃቸው ጋሪ ላይ ነበር። ወደ እኔ ቤት አይደለም፤ ከተማው ጫፍ ወዳለች የሚስቱ አክስት፣ ወደ አንድ ክፍል። ፍራሹን ልይዝ ስል ከእጄ ወሰደው። ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ታቅፋ ጋሪው አጠገብ ቆማ «ያን ቀን በጣትሽ ስታሳዪኝ አምኜሽ ነበር እትዬ» አለችኝ። አልጮኸችም።

ሐሙስ፣ 21

ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ከሥራ ቀረሁ። ከግንበኛው ጋር የቀሩትን አራት ቤቶች አዳረስን። ሁለተኛው ቤት ባዶ ነው። ሦስተኛው ሰደበን። አራተኛውና አምስተኛው ዕቃ ማሰር ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ቦይ። አሥራ አንድ ሰው። እጄ ውሃ ቋጠረ።

ዓርብ፣ 22

ሃያ ሦስት ሰው። በስምንት ዓመት ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ፀጉር ቤቱ በር ላይ «ተራራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሊቀመንበሩ ዶማ ይዞ ከፊት ነው፤ ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም። የሁለተኛው ቤት ሰውዬ ግማሽ ፂሙን እንደያዘ ይቆፍራል፤ የሚስቅበት ሰው አልተገኘም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ አጠገቤ ሆና አፈር ስትዝቅ ቆየችና «ያን ቀን ዳሱ ሥር እንቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ቀጠልን። የመምህሩ ጫማ ከጭቃው ብዛት ጫማ መሆኑ ቀርቷል።

ሦስተኛው ቤት ማታውን ለቀቀ። ወንድሜ ስልክ አያነሣም።

ቅዳሜ፣ 23

ከቀትር ጀምሮ ዘነበ። አሥር ሰዓት ላይ ቁጥር አራት ሄደ።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆመን ነበር። ቦዩ ሠርቷል፤ ከጎርፉ ግማሹ ወደ ሣሩ ሲዞር በዓይናችን አየን፤ አንዳንዶች አጨበጨቡ። የቀረው ግማሽ ግን በቃው። መጀመሪያ ሽቦው ሲበጠስ ተሰማ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክትር እየጠራረገ ወረደ። አራቱ ቤቶች እስከ ጉልበት ጭቃ ገባባቸው። የመጀመሪያው ቤት የጀርባ ግድግዳው የለም። ቀለም የተቀባው ክፍል በድንጋይ ተሞልቷል። መደርደሪያው ከቦታው አልወረደም፤ ከሥሩ ግን መቆሚያ የለም።

ሰው አልተጎዳም። ሰው አልተጎዳም። ሰው አልተጎዳም።

ዝናቡ ሲያባራ ወንድሜ መጣ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ፤ አልጋው ይቆም በነበረበት በኩል ብዙ አየ። እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ሳያናግረኝ ሄደ። አልተከተልኩትም፤ ምን ልለው?

እሑድ፣ 24

ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በቀለም። ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ፈርሰዋል። ከአሥራ አራት ሳምንት በፊት ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ወጥቶ ያየ ሰው የለም፤ የመጀመሪያዋ ያላየች እኔ ነኝ። የሰጠናችሁ ሠንጠረዥ ሐሰት ነው።

ሊቀመንበሩ ጋ ወስጄ አነበብኩለት። ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ትንፋሹን እፍ አለበትና መታው። «ያንቀላፋ ቢሉን ምን ይደንቃል» አለ። «አንቀላፍተን ነበር።»

ማክሰኞ፣ 26

ባለሙያው። «እትዬ፣ ይህን ባይጽፉት እኮ የተፈጥሮ አደጋ ተብሎ ያልፍ ነበር።»

አውቃለሁ አልኩት።

እሑድ፣ 1

አዲስ ወር። ስብሰባ። ያንቀላፋ ተብለናል፤ ችግኝ ጣቢያው በሳምንት ውስጥ ይወሰዳል። ሃያ ዘጠኝ ሰው መጣ፤ ፀጉር ቤቱ አልበቃን ብሎ ደጅ ቆምን። ግንበኛው መጥተዋል፤ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣቸው፤ ይቅርታ ሲላቸው አልሰማሁም፤ ፀጉራቸውን ግን ሳይጠይቃቸው ቆረጠላቸው። እ/ቀ የሚለው ቃል ከመዝገቡ እንዲወጣ ተወሰነ። ያየ ያየውን ይጻፍ።

ትናንት የወጡት ተረኞች መዝገቡን ሲመልሱልኝ ገለጥኩት። ለአምስት፣ ስድስትና ሰባት «ም/የ» ይላል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ «ምንም የለም» ማለት ነው አሉኝ። ራሴን ያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወጥቼ ሦስቱንም አየኋቸው። ቆመዋል። አምስተኛው በቀኝ በኩል ትንሽ ተሸርሽሯል፤ ጻፍኩት፤ ስወርድ ግን በደንብ አይቼው ይሆን እያልኩ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ወንድሜ ከጋሪው ቀን ጀምሮ አልደወለም። የደረሰች ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ትሆናለች? ልሂድ እላለሁ። ደግሞ ፊታቸውን አስብና እቀራለሁ።

ሐሙስ፣ 5

ደወልኩ። አላነሣም።

እሑድ፣ 8

የአክስትየዋ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። ደህና ናቸው ማለት ነው። ያለ እኔ።

ማክሰኞ፣ 10

ዛሬ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። አንገቴን ሳላነሣ «ቀጣይ» አልኩ። አዲስ ካርድ ጠያቂ ነው፤ የማዋለጃ ክፍሉን ወረቀት አስገባልኝ። ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። የእናትየዋን ስም ሳነብ እጄ ቆመ። ቀና አልኩ።

ወንድሜ ነው። አልተላጨም፤ ዓይኑ ቀልቷል። እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይዞ ነው የደረሰው። እኔ ከዚህ ሕንፃ ውስጥ ሆኜ አልሰማሁም።

«ደህና ናት?» አልኩ።

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ካርዱን መሙላት ጀመርኩ። የእናት ስም። የአባት ስም፤ እሱን ሳልጠይቅ ጻፍኩ። የተወለደችበት ቀን። ከዚያ አፌ ለሃያ ዓመት የለመደውን ተናገረ፤ «አድራሻ?» አልኩት።

እንዳልኩት ደነገጥኩ። እሱ መደገፊያውን በሁለት እጁ ያዘና ወደ ካርዱ አየ። ከኋላው ሰው ያጉረመርማል፤ አንዲት ሴት ሕፃን ታባብላለች። የአክስትየዋን ሰፈር እስኪነግረኝ ጠበቅኩ፤ ብዕሬን አዘጋጅቼ።

«ያንቺን ጻፊ» አለ።

ላየው አልደፈርኩም። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። የሰፈሩን ስም ጻፍኩ። ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት፣ እሱን ያሳደግኩበት ቤት ቁጥር ከአእምሮዬ ጠፋ፤ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ የለም።

እሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ።